አሚኖ አሲድ ማሟያ ለዕለት ተዕለት ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሚኖ አሲድ ከፕሮቲን በምን ይለያል?

ፕሮቲን ማለት እንደ ሰንሰለት የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ናቸው። እንቁላል ወይም ምስር ሲበሉ ጨጓራና አንጀት ሰንሰለቱን በጣጥሰው ነጠላ ነጠላ ያደርጉታል፤ በደም የሚሰራጨውም በዋናነት ይኸው ነጠላው ነው። ሰውነት መልሶ እየገጣጠመ ጡንቻ፣ ቆዳ፣ ኢንዛይምና ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት 20 ዓይነቶች ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችል የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው፦ ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ፌኒልአላኒን፣ ትሪኦኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን።

በዱቄትና በእንክብል የሚሸጠው ማሟያ ቀድሞ ነጠላ ሆኖ የተዘጋጀ አሚኖ አሲድ ነው። አብዛኛው የሚመረተው ባክቴሪያ ስኳር እንዲያብላላ በማድረግ ነው። አንዳንዱ ግን ከላባና ከፀጉር ይወጣል። ከእንስሳት የተገኘ ነገር የማይወስድ ሰው መለያው ላይ «በማብላላት የተመረተ» የሚል ቃል ይፈልግ።

በቀን ምን ያህል ያስፈልገኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ሪፖርት የጤናማ አዋቂ አማካይ የቀን ፍላጎት በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት እንዲህ ተቀምጧል፦ ሉሲን 39 ሚሊግራም፣ ላይሲን 30፣ ቫሊን 26፣ አይሶሉሲን 20፣ ትሪኦኒን 15፣ ሂስቲዲን 10፣ ትሪፕቶፋን 4። ሜቲዮኒን ከሲስቲን ጋር ተደምሮ 15፣ ፌኒልአላኒን ከታይሮሲን ጋር ተደምሮ 25።

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ሁሉ ሲደመር በቀን 11 ግራም ገደማ ይሆናል። አማካይ ስለሆነ ለጥንቃቄ ሩብ ያህል ይጨመርበታል። በአጠቃላይ ፕሮቲን ሲሰላ ደግሞ በኪሎ 0.83 ግራም፣ ማለትም ለዚሁ ሰው 50 ግራም ነው።

አሁን ከምግብ እንቁጠር። 1 እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9፣ 1 ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ያህል። በቀን 2 እንቁላል፣ 200 ግራም የተቀቀለ ምስርና 1 ብርጭቆ ወተት ብቻ 38 ግራም ሰጡ። ከዳቦውና ከሌላው እህል የሚመጣው 15 ግራም ሲጨመርበት፣ ሥጋ ሳይነካ 50 ግራሙ አለፈ። ማሟያ ከመግዛትዎ በፊት የ3 ቀን ምግብዎን ጽፈው ይህን ስሌት ይሥሩ። ብዙ ሰው ጥያቄው እዚሁ ይፈታለታል።

ታዲያ ማሟያው የሚጠቅመው ለማን ነው?

በቂ ፕሮቲን ለሚበላ ጤናማ ሰው ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰውነት አሚኖ አሲድ የሚያከማችበት ጎተራ የለውም። ከሚያስፈልገው በላይ የገባው ናይትሮጅኑ ተነጥሎ ዩሪያ ይሆንና በሽንት ይወጣል፤ የቀረው ለኃይል ይቃጠላል ወይም ስብ ይሆናል።

የሚጠቅማቸው ሰዎች ግን አሉ። አንደኞቹ ምግብ የሚያስጠላቸው ወይም ማኘክ የሚቸግራቸው አረጋውያን ናቸው። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚደክም ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ በአንድ ማዕድ የሚያስፈልገው ሉሲንም ከ2.5 እስከ 3 ግራም ይደርሳል። ዳቦና ሻይ ቁርሱ የሆነ ሽማግሌ ወደዚህ መጠን አይጠጋም። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም የአልጋ ቆይታ በኋላ የሚያገግሙ፣ ክብደት ለመቀነስ ምግባቸውን በጣም የቀነሱ፣ እንዲሁም የእንስሳት ተዋጽኦም ጥራጥሬም እምብዛም የማይበሉ ሰዎች ተከታዮቹ ናቸው። የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ጉድለት በአብዛኛው ላይሲን ላይ ነው፤ ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ ላይሲን ያንሳቸዋል። ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ መብላት ክፍተቱን ይዘጋዋል። በአንድ ሳህን መቅረባቸው ግን ግድ አይደለም።

ዘጠኙን የያዘው ይሻላል ወይስ ቢሲኤኤ የሚባለው?

ዘጠኙን የያዘው። ቢሲኤኤ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊንን ብቻ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ በ2፦1፦1 ምጣኔ። ሉሲን ጡንቻ መገንባት እንዲጀመር ትእዛዝ ይሰጣል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ትእዛዝ ብቻውን ግድግዳ አያቆምም፤ የቀሩት ስድስቱ ከሌሉ ሰውነት የራሱን ፕሮቲን አፍርሶ ያመጣቸዋል፣ ግንባታውም ቶሎ ይቆማል። ሦስቱን ለብቻቸው የሚጠጣ ሰው ከምግብ ጋር ካልወሰዳቸው ገንዘቡን ያባክናል። ከምግብ ጋር ከወሰዳቸው ደግሞ ምግቡ ራሱ ሦስቱንም ይዟል።

ከፕሮቲን ዱቄት ጋር ሲወዳደርስ?

25 ግራም ፕሮቲን የሚሰጥ የወተት አጓት ዱቄት በውስጡ 2.5 ግራም ያህል ሉሲንና ሌሎቹንም ስምንቱን ይዟል፤ ብዙ ጊዜም ከነጠላ አሚኖ አሲድ ይረክሳል፣ ያጠግባልም። የነጠላው ብልጫ መጠኑ ማነሱ ነው፦ 10 ግራም ያህሉ በትንሽ ውሃ ይጠጣል፣ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የለውም፣ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። ምግብ ለማያስገባ በሽተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሌላው ሰው እኛ የምንመርጠው እንቁላሉን ወይም የአጓት ዱቄቱን ነው።

ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ፕሮቲን፣ ኮላጅን፣ ግን ምትክ አይሆንም። ትሪፕቶፋን ጨርሶ የለውም፤ ሉሲኑም ጥቂት ነው። የቀን ፕሮቲንዎን በኮላጅን ዱቄት የሚቆጥሩ ከሆነ ስሌቱን እንደገና ይሥሩ።

መለያው ላይ ምን ልመልከት?

በመጀመሪያ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በግራም ወይም በሚሊግራም ለብቻው መጻፉን። «ልዩ ቅይጥ 8 ግራም» ብሎ ዝርዝሩን የሚደብቅ ምርት ይመልሱት። ውስጡ በብዛት ርካሹ ግላይሲን፣ ጥቂቱ ሉሲን ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ሁለተኛ፣ «ሃይድሮክሎራይድ» የሚል ቃል ካለ ክብደቱ የጨውንም ክብደት ይጨምራል። 1 ግራም ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ላይሲን 800 ሚሊግራም ነው። በአርጂኒን ሃይድሮክሎራይድ 830 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። መጠን ሲያሰሉ ይህን ይቀንሱ።

ሦስተኛ፣ ከስሙ በፊት «ኤል» የሚለው ፊደል መኖሩን ይዩ። ሰውነት ለፕሮቲን ግንባታ የሚጠቀመው የኤልን ቅርጽ ነው። «ዲኤል» ከሆነ ግማሹ ሌላኛው ቅርጽ ነው ማለት ነው። ግላይሲን ብቻ ሁለት ቅርጽ ስለሌለው ፊደል አያስፈልገውም።

የአገልግሎት መጠኑንም ይዩ። 500 ሚሊግራም በሆኑ እንክብሎች 10 ግራም ለመድረስ 20 እንክብል መዋጥ ይኖርብዎታል። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አንዳንዴ የ1 እንክብል ሳይሆን የ6 እንክብል ድምር ነው። «ዜሮ ካሎሪ» የሚለውንም በጥርጣሬ ያንብቡት፤ አሚኖ አሲድ በ1 ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል አለው። የአኩሪ አተር አለርጂ ያለበት ሰው ዱቄቱን ቶሎ እንዲሟሟ ለማድረግ የሚጨመረው ሌሲቲን ከምን እንደተሠራ ይጠይቅ፤ ከሱፍ አበባ የተሠራም አለ።

አንድ የታወቀ ማጭበርበርም አለ። የተለመደው የፕሮቲን ምርመራ ፕሮቲኑን በቀጥታ አይለካም፤ ናይትሮጅኑን ለክቶ በ6.25 ያባዛል። ስለዚህ አንዳንድ አምራች የፕሮቲን ዱቄቱ ላይ ናይትሮጅን ያላቸውን ግላይሲን፣ ታውሪን ወይም ክሬቲን ጨምሮ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የፕሮቲን ዱቄት ገዝተው ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ እነዚህን ካዩ ይጠርጥሩ። እንደ ኢንፎርምድ ስፖርትና ኤንኤስኤፍ ያሉ ገለልተኛ ተቋማት የመረመሩት ምርት ምልክታቸውን ይይዛል። በውድድር ስፖርት ላይ ላለና የአበረታች ንጥረ ነገር ምርመራ ለሚደረግለት ሰው ይህ ምልክት የግድ ነው።

እንዴት ይዘጋጃል? ለምንስ አልሟሟ ይላል?

አልሟሟ የሚለው በዋናነት ሉሲን ነው፤ ውሃ ስለማይወድ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ በመያዣው ግድግዳ ላይም ነጭ ሽፋን ይሠራል። ያንን ሽፋን ሳይጠጡ ካጠቡት የከፈሉበትን ዋና ነገር ደፉት ማለት ነው።

መጀመሪያ 300 ሚሊሊትር ውሃ ክዳን ባለው መበጥበጫ ውስጥ ያድርጉ፣ ከዚያ ዱቄቱን ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዱቄቱ ከታች ተጣብቆ ይቀራል። 30 ሰከንድ በኃይል ይበጥብጡ፣ 5 ደቂቃ ይተዉት፣ ደግመው ይበጥብጡና አረፋው ሳይደርቅ ይጠጡ። በቀረው ላይ ትንሽ ውሃ ጨምረው አለቅልቀው ይጠጡት። ለብ ያለ ውሃ ያግዛል። ምሬቱ ካስቸገረዎት የሎሚ ጭማቂ ይሸፍነዋል። ጣዕም የተጨመረበት ምርት ብዙውን ጊዜ ሲትሪክ አሲድ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ ጥርስዎን አያስበሉ፣ በአንዴ ይጨርሱት።

መጠኑን በማንኪያ አይገምቱ። የዱቄቱ ልመት ከምርት ምርት ስለሚለያይ አንድ የሻይ ማንኪያ ከአንዱ 2 ግራም፣ ከሌላው 4 ግራም ሊይዝ ይችላል። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ይበቃል።

መቼ ልውሰደው?

ዘጠኙን የያዘውን ፕሮቲን ካነሰው ማዕድ ጋር ይውሰዱት። ለአብዛኛው ሰው ይህ ቁርስ ነው። በምሳ 40 ግራም ፕሮቲን በልተው ከላዩ ላይ ማሟያውን መጠጣት ምንም አይጨምርም። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መጠን፣ ከዚያ ሙሉውን። ሰዓቱ ለውጥ የሚያመጣው አንዱን አሚኖ አሲድ ለብቻው ሲወስዱ ነው፦ ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን ወደ አንጎል የሚገቡት ሉሲንና ሌሎችም በሚጋፉበት አንድ በር ስለሆነ ከፕሮቲን ምግብ ጋር ሲወሰዱ ይሸነፋሉ።

ነጠላ አሚኖ አሲዶች፣ ለእንቅልፍ፣ ለከንፈር ቁስል፣ ለደም ግፊት የሚባሉትስ?

እዚህ ላይ አስተያየታችን ጠንከር ያለ ነው፦ አንዱን አሚኖ አሲድ ለብቻው በብዙ ግራም መውሰድ ምግብ መሙላት መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

ላይሲን በሄርፒስ ለሚመጣ የከንፈር ቁስል በሰፊው ይወሰዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም ግምገማ ቁስሉ እንዳይመለስ ይከላከላል የሚል በቂ ማስረጃ አላገኘም። በቀን 1 ግራም መሞከር ለጤናማ ሰው እምብዛም አይጎዳም፤ ብዙ ግን አይጠብቁ። ግላይሲን 3 ግራም ከመኝታ በፊት እንቅልፍን እንደሚያሻሽል ያሳዩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ጣፋጭ ነው፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በዚህ መጠን ከሁሉም የዋህ ነው።

አርጂኒን ላይ ግን ቆም ይበሉ። የደም ሥርን ስለሚያሰፋ «ለልብ» ተብሎ ይሸጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ ድንገተኛ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው ከነበሩ 153 ሕሙማን አንዱ ቡድን በቀን ሦስት ጊዜ 3 ግራም አርጂኒን እንዲወስድ ተደርጎ ነበር። በአርጂኒኑ ቡድን 6 ሰዎች ሲሞቱ በሌላኛው ቡድን ማንም ስላልሞተ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ድንገተኛ የልብ ድካም የደረሰበት ሰው ይህን ዱቄት በራሱ ውሳኔ አይንካው። ግሉታሚንም እንዲሁ ነው። ለጤናማ ሰው 5 ግራም ችግር የለውም፣ ጥቅሙም ብዙ አይታይም፤ ብዙ የሰውነት ክፍላቸው ሥራ ባቆመባቸው የጽኑ ሕሙማን ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ግን የሞት መጠንን ጨምሮ ተገኝቷል።

ትሪፕቶፋን የራሱ ታሪክ አለው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ1,500 በላይ ሰዎች ብርቱ የጡንቻ ሕመም በሚያመጣ በሽታ ተይዘው ከ30 በላይ ሞተዋል። መነሻው ከአንድ አምራች የወጣ፣ ባዕድ ነገር የገባበት ትሪፕቶፋን መሆኑ ታወቀ። ከላይ ስለ ገለልተኛ ምርመራ አጥብቀን የተናገርነው ለዚህም ጭምር ነው።

የትኛው መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

ለፓርኪንሰን በሽታ ከሚሰጠው ሌቮዶፓ ጋር ይጋጫል፤ መድኃኒቱ ወደ አንጎል የሚገባው ከሉሲንና ከጓደኞቹ ጋር በአንድ በር ስለሆነ ማሟያው ይዘጋበታል፣ መንቀጥቀጡና መገተሩ ይመለሳል። ፀረ ድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትሪፕቶፋን ወይም ከእሱ የሚገኘውን 5 ኤችቲፒ ቢጨምር ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ላብ፣ መርበትበት፣ የጡንቻ መንዘፍዘፍና ትኩሳት ምልክቶቹ ናቸው፤ ቶሎ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። አርጂኒንና ሰውነት ወደ አርጂኒን የሚለውጠው ሲትሩሊን ከደም ግፊት መድኃኒት፣ ለልብ ሕመም ከሚሰጠው ናይትሬትና ከሲልዴናፊል (ቪያግራ) ጋር ግፊትን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ታይሮሲን፣ ማኦ የተባለውን ኢንዛይም ከሚያግዱ የድብርትና የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ጋር አይወሰድም፤ የታይሮይድ ሆርሞን መሥሪያ ስለሆነ የእንቅርትና የታይሮይድ ሕመምተኛም ይጠንቀቅ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የማሟያውን ሣጥን ራሱን ለፋርማሲስቱ ያሳዩ፤ በቃል «ቫይታሚን ነገር ነው» ማለት አይጠቅመውም።

ጨርሶ የማይወስድ ማነው?

ፌኒልኬቶንዩሪያ (ሰውነት ፌኒልአላኒንን መፍጨት የማይችልበት የውርስ በሽታ) ያለበት ሰው ፌኒልአላኒን ያለበትን ሁሉ አይወስድም። የሽንት መዓዛው እንደ ሜፕል ሽሮፕ (ከዛፍ የሚገኝ ጣፋጭ ፈሳሽ) በሚሆንበት የውርስ በሽታ ቢሲኤኤ መርዝ ነው። ሆሞሲስቲንዩሪያ በተባለው የውርስ በሽታ ደግሞ ሜቲዮኒን ጎጂ ነው። ዳያሊሲስ ያልጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ በሐኪም የተወሰነ የፕሮቲን ልክ አለው፤ እያንዳንዱ ግራም አሚኖ አሲድ እዚያ ልክ ውስጥ ይቆጠራል። የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት መጠበስ) ላይ ቢሲኤኤ በሕክምና ይሰጣል፣ ግን በሐኪም ክትትል እንጂ በራስ ግዢ አይደለም። እርጉዝ፣ የምታጠባ እናትና ልጆች ከምግብ ይውሰዱ።

ሆዴን አመመኝ፣ አስቀመጠኝ። ለምን?

ብዙ ነጠላ አሚኖ አሲድ በጥቂት ውሃ ሲገባ አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ተቅማጡ ከዚያ ነው። አርጂኒን በአንድ ጊዜ ከ9 ግራም ሲያልፍ ይህ የተለመደ ነው። መጠኑን ለሁለት ይክፈሉት፣ ውሃውን ወደ 500 ሚሊሊትር ያሳድጉ። ካልተሻለዎት ጥፋተኛው ማጣፈጫው ሊሆን ይችላል፤ በሶርቢቶል የጣፈጠ ዱቄት ብዙ ሰው ያስቀምጣል፣ ጣዕም የሌለውን ይሞክሩ። ማቅለሽለሽ ባዶ ሆድ ላይ ይብሳል።

የደም ምርመራ አድርጌ የጎደለኝን ማወቅ እችላለሁ?

በተግባር አይሆንም። የደም አሚኖ አሲድ መጠን ባለፈው ማዕድ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ምርመራው የተሠራው የውርስ በሽታዎችን ለመለየት ነው። የ3 ቀኑ የምግብ ዝርዝር የበለጠ ይነግርዎታል።

እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በስሜት አይመዝኑት። ከመጀመርዎ በፊት ክብደትዎን ይጻፉ፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ከወንበር 5 ጊዜ ለመነሳትና ለመቀመጥ የሚፈጅብዎትን ሰከንድ ይለኩ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከሆነ የጡንቻ ጉልበት መድከም ምልክት ነው፤ ለሐኪም ይንገሩ። ከ12 ሳምንት በኋላ በዚያው ወንበር ደግመው ይለኩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ክብደት የማንሳት ዓይነት እንቅስቃሴ ካልተጨመረ ለውጥ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ጡንቻ ካልተጠየቀ አይገነባም። ለውጥ ከሌለ ያቁሙት፤ ሲያቆሙ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚባለውን በሚመለከት፣ ፕሮቲን ለጎደለው ሰው ፕሮቲኑ ሲሞላ ፀጉሩም ይሻለዋል። ላልጎደለው አይሠራም።

ዱቄቱ ረጋ፣ ሽታም አመጣ። ይጣል?

እንደ ረጋበት ምክንያት ይወሰናል። አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም የሃይድሮክሎራይድ ጨዎቹ፣ ከአየር እርጥበት ይስባሉ። በጣት ሲነካ የሚፈርስ እብጠት ደህና ነው። እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ እርጥብ የሆነ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ይጣል። ስኳር ያለበት ምርት ወደ ቡናማ ከተለወጠ ስኳሩና አሚኖ አሲዱ ተያይዘዋል፤ ላይሲኑ ቀንሷል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ቀላል ሽታ ግን ሜቲዮኒንና ሲስቲን ድኝ ስላላቸው የሚመጣ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካለ አያሳስብም፣ በኋላ ከበረታ ይጠርጥሩት። እርጥብ ማንኪያ አያስገቡበት፣ እርጥበት መጣጩን ከረጢት ከውስጥ አያውጡት፣ ከምድጃና ከማጠቢያ አጠገብም አያስቀምጡት። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ከዚያ በወጣ ቁጥር ቆርቆሮው ውስጥ ጤዛ ይይዛል።